ወደ በረዶው ያልሄድኩበት ዓመት

መጀመሪያ ያመመኝ አብሮኝ የሚደንሰው ናቲ ሲያነሳኝ ነው። ሙዚቃው ሊያልቅ ሲል እሱ በጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ ወገቤን ይዞ ወደ ጭኑ ሲያወጣኝ፣ ከትከሻዬ አጥንቶች በታች አንድ ነገር ውጋት አደረገኝ። አልጮህኩም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው ያመለጠኝ። ናቲ ግን ሰምቶታል።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ሲያወርደኝ።

«ምንም። ትናንት የወደቅኩት ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ የምመልስለት ይህንኑ ነበር። እውነተኛ በሽታዬን የሚያውቅ ሐኪም ፊት እስክቀርብ ስምንት ወር ሙሉ «ወድቄ ነው» አልኩ። ይህን የምጽፈው እንደኔ በዚህ ቃል ሕመሙን የሸፈነ ሰው ካለ፣ ከኔ ቀድሞ እንዲነቃ ብዬ ነው።

ስሜ ምሕረት ነው። ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። አባቴ ከጨንቻ የወረደ ሸማኔ ነው፤ እናቴ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ እየተረከበች ሲቀላ ገበያ ትሸጣለች። ከሥሩ ጎማ ያለውን የሮለር ጫማ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው ያደረግሁት። ኮች ካሱ በወጣት ማዕከሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ልጆች የሚያሠለጥን ሰው ነው፤ አሥራ ስድስት ሲሞላኝ ከናቲ ጋር አጣመረኝ። አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ በረዶ ላይ የሚደንሱ ጥንዶች አሳየን። ስለት የተገጠመለት ጫማ አድርገው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሰፊ በረዶ ላይ ይሄዳሉ። አየር ላይ መወርወር የለም፤ ዘሎ መሽከርከር የለም። የሚለካው እርምጃው ነው። ሁለት ሰው አንድ እግር እስኪመስል ድረስ አብሮ መሄድ አለበት።

አርባ ምንጭ ውስጥ በረዶ ያለው ለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እኛ በጎማ ሠራነው። እማዬ ጫማው ስኬት እንደሚባል ስትሰማ «ስኬት የሚሉት ይሄ ነው? ጉልበትሽ ሁሉ ቆስሎ!» ብላ ስቃብኛለች። ሐዋሳ በተደረገ ውድድር ሁለተኛ ወጣን፤ በዓመቱ አዲስ አበባ አንደኛ። የዚያን ቀን ቪዲዮ ያየ አንድ ኬንያዊ አሰልጣኝ ለኮች ጻፈለት። ናይሮቢ ትንሽ የበረዶ ሜዳ ስላለ ሁለታችንን ሦስት ወር ሊያሠለጥነን፣ ከዚያም ለጀማሪ ጥንዶች በሚደረግ ውድድር ሊያሰልፈን ፈቀደ። አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ኮች ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበልን።

«ከእንግዲህ ሰውነታችሁ የናንተ አይደለም» አለን። «አደራ ነው።»

ግብዣው ሲመጣ ጀርባዬን ካመመኝ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

ለኮች ነገርኩት፤ ግን ግማሹን ብቻ። ወደ ላይ ሲያነሱኝ ይወጋኛል አልኩት። ጡንቻ ነው፣ በሙቅ ውኃ ታጠቢ፣ አለኝ። ከመድኃኒት ቤት የሕመም ማስታገሻ ክኒን እየገዛሁ ዋጥኩ። ሲሻለኝ ልምምድ እጨምራለሁ፤ ሲያመኝ ክኒን እጨምራለሁ። ማታ ማታ ያልበኝ ጀመር። አንሶላዬ ሲረጥብ የቆላው ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። የምግብ ፍላጎቴ ጠፋ። የምወደውን ኩርኩፋ፣ እማዬ የሺፈራው ቅጠል በእጇ ለቅማ ከበቆሎ ዱቄት ጋር የሠራችልኝን፣ ሁለት ጉርሻ በልቼ እተወዋለሁ።

ከሳሁ። መክሳቴን ማንም እንደ ሕመም አላየውም። ልብስ የምታሰፋልን ሴት «እንዴት አማረብሽ!» አለችኝ። ኮች ደስ አለው። ናቲ ደግሞ አንድ ቀን ካነሳኝ በኋላ እየሳቀ «ቀለልሽኝ እኮ! እንደ ላባ ሆነሻል» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ሰውነቴ እያለቀ መሆኑን ከመካከላችን አንድም ሰው አላወቀም።

በአምስተኛው ወር ትኩሳት ሲጨመርበት እማዬ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ሰጠሁ። ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ፤ አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ። ትኩሳቱ ትንሽ ቀነሰ፤ ጀርባዬ ግን እንዳለ ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ሽንቴን መርምረው ኩላሊት ነው አሉኝ። ሁለቱም ቦታ ካመመኝ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ የጠየቀኝ አለ፤ ማታ ያልበኝ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም። ሁለቱም ቦታ የነገርኳቸው «ስፖርተኛ ነኝ፤ ወድቄ ነው» ብዬ ነው።

ከዚያ ጠበል ሄድኩ። ሰባት ቀን ከእማዬ ጋር ጠበሉ ቦታ አደርኩ፤ ልቤ አርፎ ነበር፤ አልዋሽም። ጀርባዬ ግን አላረፈም። በመጨረሻ አባዬ «አገሬ ወጌሻ አለ» ብሎ ጨንቻ ወሰደኝ። ወጌሻው ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ጀርባዬን በጣታቸው ዳስሰው «አጥንት ተንሸራቷል» አሉ፤ በቅቤ አሽተው በሆዴ አስተኙኝና በጉልበታቸው ተጫኑት። የዚያን ጊዜ የጮህኩትን ጩኸት አባዬ እስከ ዛሬ አይረሳውም። ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ፣ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ፣ የግራ እግሬ ጣቶች ሲደነዝዙ ተሰማኝ። ለአባዬ አልነገርኩትም። ፓስፖርቴ በዚያው ሳምንት ወጥቶ ነበር።

ለጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ላይ የግራ እግሬ ብጠራው አልመጣ አለ። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ተነሳ አልኩት፤ አልተነሳም። የጫማዬ ጫፍ ሲሚንቶው ላይ ተጎተተ። ናቲ ክንዴን ባይዘኝ በፊቴ ነበር የምወድቀው። መሬት ላይ አስቀመጠኝና ፊቴን አየኝ።

«እግርሽን አንሺው።»

«ቆይ፣ ደንዝዞ ነው።»

«ምሕረት፣ አንሺው።»

አልቻልኩም። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ላቡን፣ ትኩሳቱን፣ ክኒኑን፣ ጨንቻ የሆነውን። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስምንት ወር አብሬሽ ስዞር ዋሸሽኝ» አለኝ። ከዚያ ጫማዬን ፈትቶ አወለቀልኝ፣ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሰኝ። እማዬ እስክትመጣ አጠገቤ ተቀመጠ።

ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለት ቀን እዚያ ተራ ጠበቅኩ። ሰው ሁሉ ካርዱን እንደ ሎተሪ ይዞ የስም ጥሪ ይጠብቃል። መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ፣ መቆም ሲያቅተኝ ግድግዳ ተደግፌ እቆያለሁ። ከኦቾሎ መንደር የመጡ ፊታቸው ላይ ቁስል ያለባቸው አንዲት እናት ነጠላቸውን አጥፈው ከወንበሩ ጫፍ አነጠፉልኝና በጎኔ አስተኙኝ። እሳቸው ቆሙ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የኔም ጋሞኛ የቤት ብቻ ነው። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ተራቸው ደርሶ ገቡ።

ያየችኝ ወጣት ሴት ዶክተር ነበረች። «ወድቄ ነው» ስላት «እሺ፣ ከመውደቁ በፊትስ?» ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ከዚያ አስነስታ፣ በጣቷ አከርካሪዬን ከላይ ጀምራ እያንዳንዱን አጥንት መታ መታ አደረገች። መሃል ላይ ስትደርስ እንባዬ ዱብ አለ። እጇን እዚያው ላይ አቆየችው።

«እዚህ ጋ ትንሽ ወጣ ብሏል» አለች ለእማዬ። «ይታይዎታል?»

እማዬ ጎንበስ ብላ አየች። ስምንት ወር ልብሴን ስታጥብ፣ ጠበል ስታስጠምቀኝ አላየችውም ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

እዚያው የተነሳሁት ራጅ ብቻውን ስላልበቃ ለኤምአርአይ ሐዋሳ ላኩን፤ ይህም ሰውነት ውስጥ ያለውን ለስላሳ ነገር ጭምር የሚያሳይ ምርመራ ነው። አባዬ ከዘመድ ተበድሮ መኪና ተከራየ። መንገዱን ሁሉ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን በእማዬ ጭን ላይ አድርጌ ሄድኩ። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ዶክተሯ በቀላል አማርኛ አስረዳችን። ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አጥንትም ይይዛል። እኔን የያዘኝ አከርካሪዬን ነው። ሁለት አጥንቶች ተበልተዋል፤ መሃላቸው የተጠራቀመው መግል ወደ እግር የሚሄደውን የነርቭ ገመድ ተጭኖታል።

«እግሬ ይመለሳል?» አልኳት።

«መድኃኒቱን ዛሬ እንጀምራለን። እግርሽ ጨርሶ ስላልደከመ ተስፋ አለን፤ ካልተሻለሽ ቀዶ ሕክምና እንልክሻለን። ግን አንድ ወር ብትቆዪ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው።»

አባዬ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ «ዶክተር፣ እኔ ወጌሻ ጋ ወስጃት ነበር። አስጫንኩት» አላት።

«አባቴ፣ አላወቁም» አለችው። «አሁን አውቀዋል።»

ሳንባዬ ንጹሕ ስለነበረ ወደ ሰው አይተላለፍም ተባለ። መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ አሥራ ሁለት ወር ይወሰዳል፤ አንድ ቀን ማቋረጥ አይቻልም። በደረቴና በወገቤ የሚታሰር ጠንካራ ድጋፍ ተሠራልኝ። ለሁለት ወር ከአልጋ እንዳልወርድ ታዘዝኩ።

ናቲ ከጉዞው በፊት አንድ ጊዜ መጣ። ኮች በኔ ቦታ ሊዲያን እንደመደበ ነገረኝ። ሊዲያ ከኛ ጀማሪዎች መካከል ጎበዟ ነበረች፤ ደግ ልጅ ናት፤ የምጠላበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

«እኔም ልቅር?» አለኝ።

እንዲቀር ፈልጌ ነበር። ያን ያህል ክፉ ነበርኩ። «ሂድ እንጂ» አልኩት። ወዲያው ተነሳ። ሁለተኛ እንድለው አልጠበቀም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከሕመሙ የበለጠ ከበደኝ። መድኃኒቱ ሆዴን ያገላብጠዋል፤ ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ቀላ። ነርሷ ነግራኝ ባይሆን ደም ነው ብዬ ልሞት ነበር። የማየው ጣሪያውን ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ስንት ምስማር እንዳለ አውቃለሁ። የቡድናችን ልጆች መጀመሪያ ሳምንት ሙዝና ጁስ ይዘው መጡ። ሁለተኛ ሳምንት ሁለቱ መጡ። የቲቢ ወሬ ሰፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አልመጣም። ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመው «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይሄዳሉ፤ ገብተው አይቀመጡም። አንድ ቀን እማዬ የኔን ብርጭቆ ለብቻው በፈላ ውኃ ስታጥብ አየኋት። ዶክተሯ የነገረችንን አብራኝ ሰምታለች። አየኋት፤ እንዳየኋትም አየች። ያን ቀን ተሸፋፍኜ አለቀስኩ።

በግድግዳው በኩል ደግሞ ጭቅጭቃቸውን እሰማለሁ። አባዬ «አንቺ ነሽ የፈቀድሽላት፤ በጎማ ላይ ሰው ሲደንስ የት አየሽ?» ይላል። እማዬ «ያስጫንከው አንተ ነህ» ትለዋለች። ከዚያ ዝም ይባባላሉ፤ ዝምታው ቀናት ይቆያል። ቲቢውን ያመጣው ጎማውም ወጌሻውም እንዳልሆነ ዶክተሯ አስረድታን ነበር። ነገር ግን የሚወቀስ ሰው ማግኘት ቀለላቸው መሰለኝ። ሁለቱም የሚጣሉት በኔ ስለነበር ከቤቱ ሰው ሁሉ ራቅሁ።

ናቲ ከናይሮቢ የላከው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። በረዶው እኔ ካሰብኩት ያነሰ ነበር። እሱና ሊዲያ ግድግዳውን ይዘው ይንገዳገዳሉ፤ ይወድቃሉ፤ ይስቃሉ። አሥራ ሰባት ሰከንድ ነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። ከዚያ በኋላ ስልኬ ዝም አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘምዘም መጡ። ከስልጤ የመጡ፣ ከቤታችን ትይዩ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ከሱቃቸው ዕቃ ከመግዛት በቀር ቀርበን አናውቅም። በሩ ላይ አልቆሙም፤ ቀጥ ብለው ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር አልቧቸዋል። ከራስጌዬ ያለውን ውኃ፣ የኔኑ ብርጭቆ አንስተው ጭልጥ አደረጉት። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እትዬ፣ የሷ እኮ ነው» አለች ደንግጣ።

«ታዲያ የማን እንዲሆን ነው?» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ወንድሜን ይሄው በሽታ ይዞት ነበር። ሰው ሸሽቶት ነው የተጎዳው። መድኃኒቱማ አድኖታል።»

ከዚያ ቀን በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጡ ነበር። ብዙ አናወራም። ስለ ስኳር መወደድ ያወራሉ፤ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። እማዬም ብርጭቆዬን ከሌሎቹ ጋር ማጠብ ጀመረች። አባዬ ደግሞ አንድ ጠዋት አካፋ ይዞ መስኮቴ ሥር ለሽመና የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ቆፈረ፤ ዕቃውን ከጓሮ አምጥቶ እዚያ ተከለ። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ትንፋሹ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ይመለሳል።

በሦስተኛው ወር የግራ እግሬ ጣት ተንቀሳቀሰ። በአራተኛው ወር ድጋፌን አስሬ፣ አባዬን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። መብላት ጀመርኩ። ስከብድ ደስ አለኝ። ጤና ጣቢያ መድኃኒቴን ለመዋጥ በእግሬ መሄድ ስችል ነርሷ ካርዴ ላይ ምልክት አድርጋ «ዛሬ ማን አመጣሽ?» አለችኝ። «እግሬ» አልኳት።

ናቲ ከተመለሰ በሁለት ሳምንቱ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ቆሞ መግባት ፈራ።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ሰባተኛ ወጣችሁ አሉ።»

«ከስምንት ጥንድ።»

ሳቅን። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ልደውልልሽ ፈልጌ ነበር። ምን ልበልሽ? ስለ በረዶው ላውራልሽ? አፈርኩ።»

«አሁን አውራልኝ።»

«ዝም ይላል። ጎማው እንደሚያንቀጠቅጠን አያንቀጠቅጥም። አንድ ጊዜ ከገፋሽ ይወስድሻል…» አለና አቆመ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከሊዲያ ጋር እንደሚቀጥል ነገረኝ። እጠብቅሻለሁ እንዲለኝ ስጠብቅ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ስለ ስምንት ወር ውሸቴ ጠየቅኩት። ጓደኛሞች ነን። አጣማሪዬ ግን አይደለም።

በአሥራ ሁለተኛው ወር የመጨረሻውን መድኃኒት ዋጥኩ። ዶክተሯ አዲሱን ራጅ ወደ ብርሃን ይዛ አሳየችኝ። የተበሉት ሁለት አጥንቶች ተጣብቀው አንድ ሆነው ድነዋል። «በሽታው የለም» አለችኝ። «ትሮጫለሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ሁሉን ትሠሪያለሽ። ሮለሩንም ቀስ ብለሽ መጀመር ትችያለሽ። ሰው ግን አያንሳሽ። ይህ ቦታ እንደ ድሮው አይታጠፍም።» የጥንድ ውድድሬ እዚያች ወንበር ላይ አበቃ። አመሰገንኳትና ወጣሁ፤ ከሆስፒታሉ እስከ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ ግማሹን መንገድ እያለቀስኩ።

ለሚያነብ ሰው የምለው አጭር ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የጀርባ ሕመም፣ ማታ ማታ ላብ፣ ያለምክንያት መክሳት ካለባችሁ ሐኪም ፊት ሁሉንም አንድ ላይ ተናገሩ። ሕመሙን ከሥራችሁ ጋር ብቻ አታያይዙት። ጀርባችሁን ሳይመረመር አታስጫኑ። የታመመ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ገብታችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ወር፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጫማዬን ይዤ ወጣት ማዕከሉ ሄድኩ። ሰው የማይኖርበትን ሰዓት መርጬ ነው። ዘበኛው ጋሽ ማቴዎስ በሩን ከፍተው ከኋላዬ ወደ መንገዱ አዩ።

«ያ ጓደኛሽስ?»

«ብቻዬን ነኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሜዳው ሁሉ ያንቺ ነው» ብለው ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

ጫማዬን አሰርኩ። የመጀመሪያውን ዙር አጥሩን እየነካሁ ሄድኩ፤ ሁለተኛውን እጄን ለቅቄ። ወደ ግራ ስዞር ሁልጊዜ ክብደቴን የምጥለው ናቲ ላይ ነበር፤ ለካ ብቻዬን ዞሬ አላውቅም። ሦስተኛው ዙር ላይ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ የማይታጠፈውን ጀርባዬን ቀጥ እንዳለ ይዤ ክብደቴን በግራ እግሬ ላይ አሳረፍኩ። ያዘኝ። ዞርኩ።